በአንድ ተቃውሞ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ቀበሌዎች ሁለት ሰዎች ከተጣሉ «ክንፈሚካኤልን ጥሩት» ይባላል። ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ትዳር ሊያፈርሱ ሲነሡ፣ የአንዱ በሬ የሌላውን ማሳ አውድሞ ዱላ ሲነሣ፣ እሱ ካልመጣ ነገሩ አይበርድም። ይመጣል፤ ቁጭ ይላል፤ የሰውን ጤና፣ የከብቱን ጤና፣ የአዝመራውን ሁኔታ ይጠይቃል። ከዚያ ማመስገን ይጀምራል። ሌባን ሌባ ሊለው የመጣ ሰው ነው ብላችሁ አታስቡም። የሌባውን አባት ደግነት ያነሣል፤ እናቱ እንግዳ ስትቀበል የነበራትን ፊት ያነሣል፤ ሌባው ራሱ በአጨዳ ጊዜ ስንቱን ጎረምሳ እንደሚቀድም ያነሣል። «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ሌባው ዕንባውን እየጠረገ ነው።

ልማዱ የሱ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ትልቅ ሰው የሚባል ሁሉ ሳያመሰግን አይነቅፍም፤ እሱ ግን ምስጋናውን አስረዘመው። ሰሚውም ምስጋናው በረዘመ ቁጥር የሚከተለው ወቀሳ ከባድ መሆኑን ያውቃልና ከወዲሁ አንገቱን ይደፋል። ሚስቱ አምለሰት «ይኸ ሰው እኮ ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት ከሠርጋችን ቀን ነው የሚጀምረው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ወጡንም ይጨርሳል።

ሥራው መምህርነት ነበር። ሽንዲ ላይ አማርኛ ሲያስተምር ጸጉሩ ሸበተ። ልጆቹን አሳድጎ፣ ዋርካ መስክ የሚባለው የግጦሽ መሬት ጥግ ላይ ካለው የአባቱ ቤት ተመልሶ ገብቶ፣ ጥቂት ከብት ይዞ፣ ቀሪ ዘመኑን በማስታረቅ ሊጨርስ ሲያስብ የ2013ቱ ምርጫ መጣ። ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደር አሉት። እምቢ አለ። ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ መጥተው «ክንፌ፣ እኛ ጉዳይ አለን፣ አፍ የለንም። አንተ አፋችን ሁን» አሉት። ሽማግሌ ሆኖ የኖረ ሰው ሽማግሌ ሲላክበት ምን ይላል? እሺ አለ፤ ተመረጠም። አገሬው አንደበተ ርቱዕ ላክን ብሎ ደስ አለው፤ ከእንግዲህ ባሕር ዳር ያሉት ሰዎች አንገታቸውን የሚደፉበት ቀን መጣ ተባለ።

ባሕር ዳር ያሉት ሰዎች ግን ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጡት ሦስት ደቂቃ ነው።

ሦስት ደቂቃ ለክንፈሚካኤል ለሰላምታም አትሆነውም። የመጀመሪያው ጉባኤ ላይ ስለ ጤና መድን ረቂቅ ቀርቦ እጁን አወጣ። ሊናገር የመጣው ነገር እውነተኛ ነበር፤ ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ ጤና ጣቢያ ሲሄድ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ይባላል። አፈ ጉባኤውን አመሰገነ፤ ምክር ቤቱን አመሰገነ፤ ረቂቁን ያዘጋጁትን፣ ጤና ጣቢያውን ሲያሠሩ ድንጋይ የተሸከሙትን አባቶች አመሰገነ። ደወሉ ጮኸ። «ሐሳብዎ ተይዟል፤ እናመሰግናለን» ተባለና ተቀመጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ረቂቁን በማድነቅ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ተጻፈ። ቀጥሎ በመጣው በትምህርት ቤቶች ረቂቅም እንደዚሁ ሆነ። ከዚያም በሌላው። ድምፁ የተዋበ፣ አማርኛው የጠራ ስለሆነ የቴሌቪዥን ሰዎች ወደዱት፤ አዲስ አዋጅ በወጣ ቁጥር ሲያመሰግን ያሳዩታል።

አጠገቡ የምትቀመጠው ያምሮት የምትባል ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣች ነርስ ነበረች። ነገሩ ቶሎ የገባት እሷ ናት። አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ «አያ ክንፌ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልበልዎ፤ ለምን ከ‹ነገር ግን› አይጀምሩም?» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ፣ እንደምን ዋላችሁ ሳይሉ ጠብ ይጀመራል?»

«ይኸ እኮ የሰው ቤት አይደለም፤ አዳራሽ ነው።»

«ሰው ካለበት ቤት ነው» አለ።

ሞኝ ነው እንዳትሉ። ማታ ማታ የተከራያት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልተናገረውን ነገር ሲያስብ ያፍራል፤ ነገ አሳጥራለሁ ይላል። ግን የሰውን ልፋት ረግጦ በቀጥታ ወደ ነቀፋ መግባት እንደ ስድብ ነው የሚታየው። ስድሳ ዓመት የተገራበትን አንደበት ደወል ስለጮኸ ሊቀይረው አልቻለም።

ዋርካ መስክን ታውቁት እንደሆነ፣ ሦስት መንደር የሚጋራው ሰፊ ሜዳ ነው። ሐምሌ አቦ ሲደርስ ይከለላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ከብት አይገባበትም፤ አንድ ጥጃ ሾልኮ ቢገባ ባለቤቱ ይቀጣል። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። በመስቀል ማግስት መስኩ ሲለቀቅ የሦስቱ መንደር ከብት ባንድ ላይ ይገባና በጋውን በሱ ያልፋል። ይህን ጥበቃ የሚመሩት አያ ረዳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚያ ሣር ሲሉ ከዘመድ ሁሉ ተጣልተዋል፤ የገዛ ልጃቸውን ላም አስረው ያስቀጡ ሰው ናቸው።

አንድ ነሐሴ ላይ መሬት የሚያጠኑ ሰዎች በመኪና መጡ። ዝናብ ነበር፤ ሜዳው ላይ ከሣር በቀር ምንም የለም። አያ ረዳ ጋቢያቸውን ደርበው ዳገቱ ላይ ቆመው አገኟቸው።

«አባት፣ ይህን መሬት ከብት ይጠቀምበታል?» ብለው ጠየቁ።

አያ ረዳ የተጠየቁት ስለ ጥበቃቸው መሰላቸው። ደረታቸውን ነፍተው «ከብት? እኔ ረዳ ቆሜ! አንዲት ሰኮና አትረግጠውም» አሏቸው። ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። አያ ረዳም የመንግሥት ሰዎች ጥበቃዬን አይተው አደነቁ እያሉ ለብዙ ጊዜ አወሩት።

በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ለምክር ቤት አባላት የገጠር መሬት ማሻሻያ ረቂቅ ታደለ። ጥቅም ላይ ያልዋለ የወል መሬት ከነዋሪው ተወስዶ ለአልሚ ባለሀብቶች ይሰጣል ይላል። ክንፈሚካኤል አባሪውን ሲያነብ ለምሳሌ ከቀረቡት ቦታዎች መካከል የዋርካ መስክን ስም አየ፤ ከሥሩም «ነዋሪዎችም መሬቱን ከብት እንደማይረግጠው አረጋግጠዋል» የሚል አገኘ። የማን ቃል እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አጠፈው። አያ ረዳ በዚያ ዕድሜያቸው ይህን ቢሰሙ አይተርፉም ብሎ አሰበ፤ ለማንም ላይናገር ለራሱ ማለ።

መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። እንደ ምንም ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ቡሬ ደርሶ አገሩ ገባና ረቂቁ የሚለውን ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ የአያ ረዳን ቃል ግን ዘለለው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነገሩ ረጅም አልነበረም። «ባዶ አይደለም፣ በክረምት ከልለነው ነው በላቸው። ሌላ አንፈልግም፤ ይቺን ብቻ በልልን» አሉት። አምለሰትም ስትሸኘው መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆማ «ይቺን ብቻ። ሰምተኸኛል? ምስጋናውን እኔ በኋላ አደርስልሃለሁ» አለችው። በመንገድ ሁሉ ቃሏን ሲደጋግማት ሄደ። ባዶ አይደለም፣ በክረምት ከልለነው ነው። ባሕር ዳር ሲገባ ተኝቶም ቢሆን የሚላት ሆናለች።

ሐምሌ ላይ ጉባኤው ተቀመጠ። ረቂቁን ሊያብራሩ የመጡት ሰው ጸጉራቸው ነጭ የሆነ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ነበሩ። እያሳላቸው አንብበው ጨረሱ፤ ላባቸውን ጠረጉ። ወዲያው ለክንፈሚካኤል ዕድል ተሰጠው። ተነሣ። ያምሮት ከሥር ኮቱን ሳብ አድርጋ «ከነገር ግን» አለችው።

አፉን ከፈተ። ሽማግሌውን አያቸው፤ ሽማግሌውም በፍርሃት ቀና ብለው አዩት። እንዴት አድርጎ? እንዲህ የደከመን ሰው እንዴት ብሎ እንደምን ዋሉ ሳይል ያፍርሰው? «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ በመጀመሪያ እኒህን አባት ላመስግን» አለ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር ያሰበው። ግን ምስጋና አንዱ ሌላውን ይስባል። የጥናቱን ሰፊነት አነሣ፤ ለሥራ አጡ ወጣት መታሰቡን አነሣ፤ «ይህ ረቂቅ ሊመሰገን ይገባዋል» አለ። ሲናገር የመጣበትን አልረሳም፤ ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ አሁን እደርሳለሁ፣ አሁን እደርሳለሁ ይላል። «ነገር ግን» ሲል ደወሉ ጮኸና ማይኩ ጠፋ።

ያለ ማይክ ቀጠለ። «በክረምት...» አለ። የኋላው ወንበር የሰማው የለም፤ ምስጋናውን የሰሙት እያጨበጨቡለት ነበር። «እናመሰግናለን የተከበሩ፣ ሰዓትዎ አልቋል» አሉ አፈ ጉባኤው በትሕትና። እንደገና እጁን አወጣ፤ ዕድሉ ለሌሎች ነው ተባለ። በወረቀት ጽፎ ላከ፤ ወረቀቷ ከእጅ እጅ ስትዞር ውይይቱ ተዘጋ።

«የምትደግፉ» ተባለ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። «የምትቃወሙ።»

ክንፈሚካኤል እጁን አወጣ። ዙሪያውን አየ፤ ከሱ ሌላ የወጣ እጅ የለም። ያምሮት አቀርቅራለች። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ እሱም እንደማይነድ አወቀው፤ ሆኖም እጁን አላወረደም። በሕይወቱ ሰውን ሳያለዝብ፣ ሳይመርቅ፣ ፊት ለፊት እምቢ ያለው ያን ቀን ነው። ቆጣሪዋ በጣቷ ጠቁማው «አንድ» አለች። ስሙን የጠየቀው የለም። ሦስት ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ አንዷ ያምሮት ነበረች። አዋጁ ጸደቀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ከአዳራሹ ወጥቶ የቋሚ ኮሚቴውን ሰብሳቢ በረንዳ ላይ ያዘውና የክረምቱን ነገር፣ የመስቀሉን ነገር አንድም ሳያመሰግን ነገረው። በደቂቃ አለቀ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነበር። «ይህን እዚያ ውስጥ ቢናገሩት እኮ ጥሩ ነበር» አለው።

ማታ ቡሬ ላይ፣ በአምለሰት ወንድም በዘመኑ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ገበያ ውለው ዝናብ ያስቀራቸው የመንደሩ ሰዎች ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ነበር። አያ ረዳም አሉ። ክንፈሚካኤል ብቅ ሲል ዝም ጸጥ ተባለ። «ይህ ረቂቅ ሊመሰገን ይገባዋል» ሲል አንዳቸውም አልተደናገጡም፤ ሰውያቸውን ያውቁታል። እንዲያውም አያ ረዳ «አዬ፣ ዛሬስ አጥንታቸው ድረስ ሊነግራቸው ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ሁሉም «ነገር ግን»ን መጠበቅ ጀመረ። ዜና አንባቢዋ መጣች። አዋጁ በአንድ ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል አለች። ከዚያ ዜናው ወደ ስፖርት ገባ።

ክንፈሚካኤል ወዲያው ወደ አገሩ ሊሄድ ነበር፤ ስብሰባና ግምገማ ያዘው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። መስቀል መጣ። በማግስቱ የሦስቱ መንደር ሰው ከብቱን ነድቶ ወደ ዋርካ መስክ ሲወርድ በሜዳው ዙሪያ ችካል ተተክሎ፣ ሽቦ ተወጥሮ አገኘ። ከብቶቹ ሽቦው ጋ ቆመው ሣሩን እያዩ ሲያገሱ ዋሉ። ይህን ክንፈሚካኤል የሰማው ከአንድ ሾፌር ነው።

ኅዳር ላይ ቤቱ ሲደርስ አምለሰት እግሩን ልታጥብ ውኃ ይዛ ወጣች። እየታጠበ በጉባኤው የሆነውን ሁሉ ነገራት። እግሩን ስታደርቅ ቆየችና «ያ የተቃወመው አንዱ ሰው ባሌ ነው ብዬ ውኃ ስንቀዳ ከስንት ሴት ጋር ተከራከርሁ» አለችው። «በኋላ ግን፣ ምን ልዋሽህ፣ እኔም ተጠራጠርሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ነገርኸኝ» አለች። ፎጣውን አጠፈች።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስበው አስጠሩት። ሊወቅሱት ነው ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወቀሳውን እንዲያውም ናፍቆታል፤ የተወቀሰ ሰው ይመልሳል። ማንም አልወቀሰውም። ተነሥተው አስቀመጡት፤ ጤናውን፣ መንገዱን ጠየቁት። አያ ረዳ ከክረምቱ ወዲህ ከስተዋል፤ ከጋቢያቸው ሥር ክዳን ያላት ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ አወጡና ፊቱ አኖሩ።

«ክንፌ፣ መስኩ ሄደ። እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሳል» አሉ። «ግን ዜናውን በራዲዮንም ሰማነው፤ አንድ ሰው ተቃውሟል አሉ። ማን እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ አናውቅም። አገራችንን ረግጦም አያውቅ ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው ለአዋጁ እጁን ሲያወጣ ብቻውን ቆመ ማለት ለኛ ከወንድም በላይ ነው። ይኸ ከመስኩ ዳር ካሉት ቀፎዎች የቆረጥነው ማር ነው። ከእንግዲህ እዚያ ቀፎ አይሰቀል፤ የመጨረሻው ነው። አንተ እዚያ ትውላለህና ፈልገህ አድርስልን። ስሙንም ጠይቅልን፤ በጸሎት እናስበው።»

ክንፈሚካኤል መግቢያ አልፈለገም፤ ምስጋናም አልመጣለትም። «አያ ረዳ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ» አለ።

ቢስቁ ይሻለው ነበር። አንዱ መሬት መሬት አየ፤ ሌላው የመቋሚያውን ጫፍ በጣቱ ጠረገ። አፍረውለት ነው። በዓይናቸው በብሌኑ ያዩት ሰው፣ በጆሯቸው የሰሙት ምስጋና፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይዋሻል ብለው ነው። ክንፈሚካኤል ከመነሻው ሊነግራቸው ፈለገ፤ ስለ ደወሉ፣ ስለ ማይኩ፣ መስኩ ባዶ ነው የተባለው በማን ቃል እንደሆነ። ይቺን የመጨረሻዋን ቢያወጣ የሱ ጥፋት ሁሉ ባልታየ። አያ ረዳን አያቸው። የጥበቃ ዱላ ይዘው የኖሩ፣ አሁን የሚይዙት ያጡ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድመዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሆድ ይፍጀው አለና ዋጠው።

«ይሁን ልጄ» አሉ አያ ረዳ በርኅራኄ። «እኛ አልተቀየምንህም። ያለህበት አስገድዶህ ይሆናል፤ እንጀራ ነው። ማሩን ብቻ ለሰውዬው አድርስልን። አደራ።»

ክንፈሚካኤል ተነሥቶ ባልዲዋን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ቤቱ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አምለሰት ክዳኑን ከፈተች፤ የመስክ አበባ ሽታ ቤቱን ሞላው። ነገሩን ሲነግራት ከሳቅ ወደ ልቅሶ፣ ከልቅሶ ወደ ንዴት ሄደች። እንጀራ አቀረበች፤ ከማሩም በማንኪያ ጨልፋ ሳህኑ ጥግ አደረገችለት። «ብላ። የራስህ ነው፤ የደከምህበት ነው» አለችው።

እሱ ማሩን በማንኪያው መልሶ ወደ ባልዲዋ ገለበጠና ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው።

«ለእኔ መቼ ሰጡኝ» አላት።